የ4ኬ ክራንክ ሻፍት ለከፍተኛ ዙር፦ ክብደቱን ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

ሳቢያን 4ኬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ፣ ሞተሯ 4ኬ ነው። ከአባቴ የቀረችኝ መኪና ስለሆነች ልሸጣት አልፈልግም። ዘይት መብላት ስትጀምር ሞተሩን አወረድኩት፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ የቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ፣ ብሮንዚኑም (ክራንኩ ላይ የሚያርፍበት ስስ ማቀፊያ) ተጭሯል። እንግዲህ ከተፈታ አይቀር በደቂቃ እስከ 7500 ዙር የሚሄድ ሞተር ልስራበት ብዬ አሰብኩ። አሁን 5500 ካለፈ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ይታፈናል፣ ሶስተኛ ስከት ደግሞ ይሞታል።

አንድ ጓደኛዬ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ላይ ያሉትን ክብደቶች፣ ከቢዬላው መቀመጫ ትይዩ ያሉትን ማለቴ ነው፣ በግራይንደር እንደ ቢላዋ ስለት አሹላቸው ይለኛል። ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው። ቀለል ካለ ቶሎ ይዞራል፣ ዘይቱንም እየቀዘፈ አይታገልም ባይ ነው። ክራንኩ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከመጀመሬ በፊት የሰራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

አሸዋ መለዋወጫ፦
አቦ ግራይንደሩን ከሶኬቱ ንቀለው መጀመሪያ። እኔ መለዋወጫ ነው የምሸጠው፣ ክራንክ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ግማሹ ራሱ ያበላሸው ነው። ጋሼ ቶርኖ ማታ ማታ እዚህ ይገባሉ፣ እሳቸው እስኪያዩት ምንም እንዳትነካ የኔ ወንድም።

ጋሼ ቶርኖ፦
ልጄ አየሁት። ደህና አድርገህ ነው የጠየቅከው።

እኔ ቶርኖ የተማርኩት ሼመንደፈር ወርክሾፕ ውስጥ ነው፣ የባቡር አክስል ላይ። ክራንክ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞርጃለሁ። አንድ ነገር በቅድሚያ ልንገርህ። ክራንክ ጉልበት አይፈጥርም። ሞተርህ 5500 ላይ የሚታፈነው ክራንኩ ከብዶት ሳይሆን አየር አጥሮት ነው። ካርቡራቶሩ፣ ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን)፣ ማርሚታው፣ እነሱ ናቸው ሞተሩን በላይኛው ዙር የሚያስተነፍሱት። ክራንኩ ላይ የሚሰራው ስራ ሞተሩ እዚያ ዙር ላይ ሲደርስ እንዳይሰበር ነው። ይህን ከለየህ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

አሁን ስለ ክብደቱ። ያ ብረት እዚያ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የቢዬላው መቀመጫና የቢዬላው ታችኛ ራስ ሲዞሩ ወደ ውጭ ይጎትታሉ፣ ክብደቱ በሌላው በኩል ሆኖ ይመልሳቸዋል። ባለ አራት ፒስተን ሞተር ላይ ሁለተኛውና ሶስተኛው አብረው ነው የሚወጡት፣ አብረው ነው የሚወርዱት። በመሀላቸው ያለው ዋናው ብሮንዚን የሁለቱን ጉተታ አንድ ላይ ይሸከማል። ክብደቱን ስትቀንስ ያ ሸክም ይጨምራል። አንድ፣ ሁለት፣ አራትና አምስት ያሉት ዋና ብሮንዚኖች አዲስ መስለው የመሀለኛው ብቻ ተልጦ ካየህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

እንደ ቢላዋ ማሾል የሚባለው ስራ አለ፣ ውሸት አይደለም። የውድድር ሞተር ላይ ይሰራል። ግን በማሽን ይሰራል፣ ከዚያ እንደገና ባላንስ ይደረጋል፣ ጥቅሙም ትንሽ ነው። በእጅ ግራይንደር አራት ክብደት እኩል አድርጎ የሚቆርጥ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሳቢያን 4ኬ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ታዲያ ክራንኩ ላይ ምንም አልሰራም ማለት ነው?

ጋሼ ቶርኖ፦
አንተ በለኝ፣ ድሬ ነን። ትሰራለህ እንጂ፣ ግን ሌላ ስራ ነው። ቆየት ብዬ እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ሙቀቱ ከቤት አላስቀመጠኝም።

ቀመር፦
እኔ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላሳያችሁ።

የ4ኬ ፒስተን 75 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የሚመላለሰው 73 ሚሊ ሜትር ነው። 6000 ዙር ላይ የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 14.6 ሜትር ይሆናል። 7500 ላይ 18 ሜትር ያልፋል። ይህ ብዙ አያስፈራም፣ ለጥሩ ሞተር የሚቻል ፍጥነት ነው። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ፒስተኑ ላይ ደርሶ ቆሞ መመለስ አለበት። ፒስተኑን፣ ፒኑን፣ ፋሻውንና የቢዬላውን ላይኛ ራስ በድምሩ ግማሽ ኪሎ ብለን እንያዘው። 6000 ዙር ላይ ያቺ ግማሽ ኪሎ ላይኛው ጫፍ ስትደርስ ቢዬላውን ከ950 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ትጎትተዋለች። 7500 ላይ ወደ 1500 ኪሎ ይጠጋል። ዙሩ የጨመረው በሩብ ነው፣ ጉተታው ግን ከግማሽ በላይ ነው የጨመረው፣ ምክንያቱም በዙሩ ካሬ ነው የሚያድገው።

ሌላ ደግሞ አለ። ድሬ ከባህር ወለል 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1900 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ድሬ ላይ ከባህር ዳርቻው ወደ 10 በመቶ ይሳሳል፣ ሐረር ላይ ወደ 17 በመቶ። የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። ስለዚህ ደንገጎን ስትወጣ ሞተሩ በየሜትሩ ጉልበት እያጣ ነው የሚሄድ። ሹፌሩ ምን ያደርጋል፣ ዙር ይጨምራል። የፒስተኑ ክብደት ግን በከፍታ አይቀንስም። ክራንኩና ቢዬላው ሐረር በር ላይም ያው 1500 ኪሎ ነው የሚሸከሙት። ጉልበቱ ሲቀንስ ጭነቱም የሚቀንስ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች ናቸው፣ እንዲያ አይደለም።

ሐረር 404፦
ከሐረር ሰላም። እኔ ፔጆ 404 ታክሲ ነው የምነዳው፣ ሐረርን የሚያውቅ ሰው እነዚህን መኪኖች ያውቃል።

የጻፍኩት አንድ ነገር ስለገረመኝ ነው። የ404 ሞተር 1618 ሲሲ ነው፣ ፒስተኑ 84 ሚሊ ሜትር፣ ምልልሱ 73 ሚሊ ሜትር። ከ4ኬ ጋር አንድ ነው ምልልሱ! ልዩነቱ የኔ ፒስተን ሰፊና ከባድ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 404ዎች ክራንክ ደግሞ በሶስት ዋና ብሮንዚን ነው የሚያዝ። ከፊት አንድ፣ መሀል አንድ፣ ከኋላ አንድ። በአንደኛውና በሁለተኛው ቢዬላ መካከል ምንም ድጋፍ የለም። በኋላ የመጡት አምስት ተደርጎላቸዋል። የ4ኬ ከመጀመሪያውም አምስት ነው፣ ስለዚህ አንተ የተሻለ መሰረት አለህ።

ይህ መኪና ደግሞ ዝም ብሎ ታክሲ አይደለም። የምስራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው 404 ነው። ኖዊኪ ሁለቴ፣ ሻንክላንድ ሁለቴ። በጭቃና በአቧራ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር የሄደው ሳይሰበር ስለቆየ ነው። የኔን ክራንክ ሁለት ጊዜ አስሞርጄዋለሁ፣ አሁን መቀመጫዎቹ ከመጀመሪያው 0.50 ሚሊ ሜትር ቀጥነዋል። 4500 አላሳልፈውም። ሰው ተሳፍሮበታል።

ደንገጎ ላይ፦
እኔ ግን ሁሉንም አልቀበልም። የ4ኬ ቮላኖዬን፣ ክራንኩ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ቶርኖ ቤት አስቀንሼ ከሁለት ዓመት በላይ ነድቼዋለሁ። ነዳጅ ስነካው ወዲያው ነው የሚነሳው፣ ማርሽ ስቀይርም ይመቻል። ማቅለል ጥቅም የለውም የሚለው ነገር ልክ አይደለም።

ጋሼ ቶርኖ፦
አንተ የሰራኸው ትክክል ነው፣ ግን ቮላኖ እና ክራንክ አንድ አይደሉም። አንድ ኪሎ ብረት ከመሀሉ 13 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥና 6 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ ሞተሩን የሚያከብድበት መጠን ይለያያል። ልጁ ያስላው።

ቀመር፦
ርቀቱ በካሬ ነው የሚገባ ጋሼ። ቮላኖ ጠርዝ ላይ የተቀነሰ አንድ ኪሎ ክራንኩ ላይ ከተቀነሰ ወደ አምስት ኪሎ ከሚጠጋ ጋር እኩል ነው። ክራንኩ ላይ አምስት ኪሎ የሚቆረጥ ብረት ደግሞ የለም።

ጋሼ ቶርኖ፦
ሰማህ? ማቅለል ከፈለግክ ከቮላኖ ትንሽ ቀንስ። ግን ሁለት ነገር አስብ። የቀለለ ቮላኖ ዳገት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ቆመህ ስትነሳ ያስቸግርሃል፣ ፍሪሲዮን ትበላለህ። ሁለተኛው የከፋ ነው። ከቀለጠ ብረት ተፈስሶ የተሰራ ቮላኖ ከመጠን በላይ ከሳሳ በከፍተኛ ዙር ይፈነዳል። የፍሪሲዮኑን ቤት በስቶ ነው የሚወጣ፣ የሹፌሩ እግር ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ ከጠርዙ በትንሹ፣ ፍሪሲዮኑ የሚነካበትን ፊት ሳትነካ፣ መሀሉን ሳታሳሳ።

አሁን ወደ ክራንኩ ልመለስ፣ ቃል ስለገባሁ።

መጀመሪያ ስንጥቅ ፈልግ። የተሰነጠቀ ክራንክ ላይ የሚሰራ ስራ ሁሉ ከንቱ ነው። ጥሩው በማግኔት የሚፈተሽበት መሳሪያ ነው፣ ካገኘህ እሱን ተጠቀም። እኛ በድሮው መንገድ ክራንኩን በገመድ አንጠልጥለን በትንሽ መዶሻ እንነካዋለን። ጤነኛው እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ይጮሃል። የታመመው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በላምባ ታብሰዋለህ፣ ትንሽ ታቆየዋለህ፣ ላዩን አድርቀህ ጠመኔ ታቀባዋለህ። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ላምባ ጠመኔው ላይ እንደ ክር ሆኖ ይወጣል። በተለይ ጥጎቹን እይ።

ጥጉን ስል የቢዬላው መቀመጫ ከጎኑ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ማለቴ ነው። ክራንክ የሚሰበረው እዚያ ነው። ፋብሪካው ያን ጥግ ቀጥ አድርጎ አይቆርጠውም፣ ክብ አድርጎ ነው የሚተወው። ሲሞረድ ያ ክብ መጠበቅ አለበት። ብዙ ቶርኖ ቤት የመሞረጃው ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ሆኖ ይሞርዱታል፣ ጥጉ ቀጥ ይላል፣ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። 7500 ዙር ለሚሄድ ሞተር ይህ ከየትኛውም ማሾል ይበልጣል።

አሸዋ መለዋወጫ፦
ይህን የምመሰክረው እኔ ነኝ። የባለቤቴ ሚኒባስ ክራንክ አንድ ቤት ተሞርዶ መጣ፣ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ሁላችንም ደስ አለን። ሶስት ወር አልሞላውም፣ መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ሆነ። የተሰበረውን ስናየው ልክ ከሶስተኛው ቢዬላ ጥግ ነው፣ ጥጉ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ቢዬላው ብሎኩን በስቶ ወጣ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ነው የጠፋው። ስለዚህ ሲሞርዱ ከአጠገባቸው ቆመህ ጥጉን አሳዩኝ በል፣ አትፈር።

ሳቢያን 4ኬ፦
ጥጉን አየሁት፣ አሁን ክብ ነው። ጠመኔውንም ሰራሁ፣ ምንም ክር አልወጣም። ሲነካም ይጮሃል። የቢዬላው መቀመጫ ግን ጭረት አለው፣ መሞረዱ አይቀርም። ዘይት የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በሌላ በኩልም ብስ ያለኝ ሰው አለ፣ እሱስ?

ጋሼ ቶርኖ፦
አትብሳ። የቀዳዳውን አፍ ብቻ ትንሽ ክብ አድርገህ አለስልሰው፣ ስለታም ጠርዙ ብሮንዚኑን እንዳይጭር። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በስቶ ማሳለፍ ዱሮ ሲደረግ አይቻለሁ፣ በከፍተኛ ዙር ግን ይጎዳል። ዘይቱ ወደ ክራንኩ መሀል መግባት አለበት፣ ክራንኩ ሲዞር ደግሞ ዘይቱን ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ፖምፓው ያን መግፋት ሲያቅተው ቢዬላው ይደርቃል።

ስትሞርድ 0.25 ሚሊ ሜትር መቀነስ ይበቃሃል ብዬ አስባለሁ፣ ማይክሮሜትር ይዘህ ሁሉንም መቀመጫ ለካ፣ በሁለት አቅጣጫ። በመቀመጫውና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት ለ50 ሚሊ ሜትር መቀመጫ ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከጠበበ በሙቀት ይነክስብሃል፣ ከሰፋ የዘይት ግፊት ይወርዳል። የፋብሪካውን መጽሐፍ ካገኘህ የሱን ቁጥር ያዝ። ክራንኩም ቀጥ ማለቱን በዲያል ጌጅ ታየዋለህ፣ መሀለኛው ከ0.05 በላይ ከተወዛወዘ አትቀበለው።

ፊት ለፊት ያለው ቺንጋ የሚዞርበት ፑሌጃ ውስጡ ጎማ ካለው፣ ጎማው ተሰንጥቆ ወይም ተንሸራቶ እንደሆነ እይ። ክራንክ እንደ ሽቦ ይጠመዘዛል ይመለሳል፣ ነዳጁ በተቃጠለ ቁጥር። ያ ጎማ ነው ጥምዘዛውን የሚውጠው። አንዳንዱ ለማቅለል ብሎ በአሉሚኒየም ይቀይረዋል፣ ክራንኩን በገዛ እጁ እየሰበረው ነው።

ቀመር፦
ባላንሱን አትርሱ። 10 ግራም ከመሀሉ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢተርፍ 3000 ዙር ላይ 5 ኪሎ ያህል ይገፋል። 7500 ላይ 31 ኪሎ ይሆናል፣ በሰከንድ 125 ጊዜ እየዞረ። አንተ 5500 ካለፈ ይንቀጠቀጣል ያልከው ከዚህም ሊሆን ይችላል። የአራት ፒስተን ክራንክ በሁለት ሀዲድ ላይ አስቀምጠህ ብታንከባልለው ሚዛኑ የተስተካከለ ሊመስል ይችላል፣ ፊቱና ኋላው ግን በተቃራኒ እየጎተቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እየዞረ የሚለካበት ማሽን ላይ መሰራት አለበት፣ ቮላኖውና የፍሪሲዮኑ ክዳን ታስረውበት።

ሐረር 404፦
ፒስተንና ቢዬላ ለማስተካከል ደግሞ የወርቅ ቤት ሚዛን ተጠቀም። እኔ ሐረር አንድ ወርቅ ሰሪ ጎረቤት ነበረኝ፣ አራቱንም ፒስተን በግራም ክፍልፋይ መዝኖልኛል። ቢዬላውን ሁለቱንም ራስ ለየብቻ መዝን፣ አንዱን ጫፍ አንጠልጥለህ ሌላውን ሚዛን ላይ አድርገህ።

ሳቢያን 4ኬ፦
(ከአምስት ሳምንት በኋላ) ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ጨረስኩ።

ክራንኩን 0.25 አስሞረድኩት፣ እንደተባለው አጠገባቸው ቆሜ፣ ጥጉ ክብ ሆኖ ቀርቷል። እየዞረ የሚለካ የባላንስ ማሽን እዚህ የሚያሳየኝ ሰው ስላጣሁ ከቮላኖውና ከፍሪሲዮኑ ጋር አዲስ አበባ ላክሁት። ከቮላኖው ጠርዝ ጥቂት ተቀነሰ። ክብደቶቹን አልነካኋቸውም። ፒስተኖቹን ከዚራ አንድ ወርቅ ቤት መዘንኩ፣ በከባዱና በቀላሉ መካከል 4 ግራም ልዩነት ነበር። ከፒኑ ስር ካለው ወፍራም ቦታ በትንሽ በትንሹ አስቀንሼ ከ1 ግራም በታች አደረስኩት። የቢዬላ ቡሎኖቹን ሙሉ በሙሉ አዲስ አደረግኳቸው፣ ቀመር ያለውን 1500 ኪሎ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

የሚገርመው መንቀጥቀጡ ጠፋ። 5500 ላይ ድምፁ ተቀየረ እንጂ ሰውነቷ አይርገበገብም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከ6000 በላይ ጉልበት አልጨመረም። ዙር ይሄዳል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም።

ጋሼ ቶርኖ፦
ተባረክ ልጄ፣ ሰራህ። አሁን ያልኩህን በራስህ አየኸው። ታችኛው ዝግጁ ነው፣ ላይኛው ገና ነው። ቫልቭ ሞላው (ቫልቩን መልሶ የሚዘጋው ጥምዝ ሽቦ) አሮጌ ከሆነ 6500 አካባቢ ቫልቩ ካሙን መከተል ያቅተዋል፣ ሳይዘጋ ፒስተኑ ይደርስበታል። ስለዚህ ሞላ፣ ከዚያ ካም ሻፍት፣ ከዚያ ካርቡራቶር። እስከዚያ 6800 አታሳልፋት።

ቀመር፦
6800 ላይ ጉተታው 1230 ኪሎ አካባቢ ነው። ለአሁኑ ጥሩ ቦታ ነው።

ደንገጎ ላይ፦
ዘይቱን ምን አደረግከው? እኔ ደንገጎ ረጅሙ ኩርባ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎብኝ ያውቃል። ዘይቱ በኮፓው፣ ከሞተሩ ስር ባለው የዘይት ሳህን፣ ወደ ጎን ሸሽቶ ነው።

ሳቢያን 4ኬ፦
20/50 ነው ያደረግኩት፣ ለሙቀቱ። ኮፓው ውስጥ ፖምፓው በሚጠባበት ዙሪያ ቆርቆሮ አስበይጄ ግድግዳ አደረግኩለት፣ ዘይቱ እንዳይሸሽ። ከላይኛው ምልክት ደግሞ አላሳልፈውም፣ ክራንኩ ከነካው አረፋ ያደርገዋል።

ጋሼ ቶርኖ፦
ጥሩ። የመጀመሪያውን ዘይት 500 ኪሎ ሜትር ላይ አውጣው። ፊልትሩን በመጋዝ ቁረጥና ወረቀቱን ዘርግተህ በፀሐይ እየው። የሚያብለጨልጭ ነገር ካየህ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ ከብሮንዚን ይሁን ከፋሻ እነግርሃለሁ።

ሳቢያን 4ኬ፦
አሁን 380 ላይ ናት። ቅዳሜ ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ፣ እሁድ ጠዋት ዘይቱን አወጣለሁ። ፎቶውን ማታ እለጥፈዋለሁ።

ሐረር 404፦
ስትመጣ ደውልልኝ፣ ፈረስ መጋላ ነው የምቆመው። ኮፈኑን ከፍተህ ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ።